የመናፈሻውን ውሃ ማን ይክፈል?

ስሟንና ከተማዋን እንዳልጠቅስ ያሳሰበችኝ አንዲት አንባቢ ይህን ጥያቄ ልካልኛለች።

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአንድ የክልል ከተማ ነው። መሃል ከተማ ላይ ሁለት ሄክታር የሚሆን የቆየ መናፈሻ አለን። ልጆች ሆነን የተጫወትንበት ነው። አሁን ሳሩ ደርቋል፣ ሽንት ቤቱ ተቆልፏል፣ የአግዳሚ ወንበሮቹ እንጨት አልቆ ብረቱ ቀርቷል። ጥቂት የሰፈር ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመን ማዘጋጃ ቤት ብንሄድ መልሱ በጀት የለም ሆነ። ከኮሚቴያችን ግማሹ መግቢያ ይከፈል ይላል። ግማሹ ለባለሀብት ይሰጥ ይላል። አንድ አባላችን ደግሞ ውጭ አገር ያሉ የከተማችንን ልጆች እንጠይቅ ይላሉ። እርስዎ የከተማ ፋይናንስ ባለሙያ እንደመሆንዎ የቱ ያዋጣል ይላሉ? ሌላው ዓለምስ እንዴት ያደርጋል?»

እህቴ፣ ከመመለሴ በፊት እኔ አንድ ልጠይቅሽ። የመናፈሻችሁ የውሃ ሂሳብ በወር ስንት ይመጣል? የምታውቂው አይመስለኝም። አይዞሽ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ላያውቀው ይችላል። እኔ በሰራሁባቸው ከተሞች የመናፈሻ ውሃ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቢሮ ቆጣሪ ጋር ተደባልቆ ይከፈላል። አለበለዚያ ውዝፍ ሆኖ ይከርምና አንድ ቀን ይቆረጣል። ሳሩ የሚሞተው ያኔ ነው። እናንተ የምትከራከሩት ገንዘቡ ከየት ይምጣ በሚለው ላይ ነው። እኔ ለምኑ የሚለውን አስቀድማለሁ። መናፈሻ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይፈልጋል፣ ሁለቱም ከአንድ ኪስ አይወጡም።

የመንግሥት ሂሳብ ሰራተኛ ካፒታል በጀትና መደበኛ በጀት ይለዋል። ካፒታሉ አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው። አጥር፣ መንገድ፣ ሽንት ቤት፣ የልጆች መጫወቻ የሚሰራበት። መደበኛው በየወሩ የሚወጣ ነው። የአትክልተኛና የጥበቃ ደመወዝ፣ ውሃ፣ መብራት፣ የውሃ ጎማ፣ ማጭድ፣ ሳሙና። በእኛ ቋንቋ እንናገረው ካልሽ፣ ፓርክ መስራት ሰርግ ነው፣ ፓርክ ማቆየት ትዳር ነው። ለሰርግ የማያዋጣ ዘመድ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ከተማ የታደሰ መናፈሻውን እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልሞላውም። የፏፏቴው ፓምፕ ተቃጥሏል። ገንዳው ውስጥ የሃይላንድ ጠርሙስ ተንሳፍፏል። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ የውሃ ጎማ ሲጎትቱ አገኘኋቸው። ጎማው አምስት ቦታ ተበስቶ በከመነዳሪ ታስሯል። ውሃው ከጫፉ ይልቅ በየቋጠሮው ይፈሳል። «አባባ፣ ለምን አዲስ አይገዛም?» አልኳቸው። «ሶስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል አሉ፤ አራት ወሩ» አሉኝ። ወሩ የካቲት ነበር። ግዢው ተፈቅዶ ጎማው የመጣው በኋላ እንደሰማሁት በሰኔ ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል። በሰኔ ደግሞ ዝናብ ነው። ያ ከተማ የምረቃ ድንኳንና የእብነ በረድ ሰሌዳ የሚገዛበት ገንዘብ ነበረው። የጎደለው የጎማ መግዣ ነበር።

ስለዚህ የኮሚቴሽን ሶስት ሃሳቦች በዚህ ዓይን እንያቸው።

መግቢያ ይከፈል የሚለው መጀመሪያ የሚመጣልን ሃሳብ ነው። በር አለ፣ ትኬት ይቆረጥ። ግን እንቁጠረው። በቀን 150 ሰው ይገባል እንበል፣ 10 ብር ቢከፍል በወር 45,000 ብር ነው። ደስ ይላል። ሁለት ትኬት ቆራጭና ሁለት ተቆጣጣሪ በፈረቃ መቅጠር ግን ግድ ነው። ለእያንዳንዳቸው 5,000 ብር ብንል 20,000 ሄደ። የደረሰኝ ህትመት አለ። አጥሩ ሽንቁር ካለው እሱም መጠገን አለበት። ከዚያ ደግሞ መግቢያ ሲጣል ሰው ይቀንሳል። በግማሽ ቢቀንስ ገቢው 22,500 ይሆናል፣ ደመወዙ ግን አይቀንስም። 2,500 ብር ይተርፋል። ለዚህች ብላችሁ ጡረተኛውን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች፣ ልጅ አዝላ አየር ልትቀበል የመጣችውን እናት አባረራችሁ። ሰው የሌለበት መናፈሻ ደግሞ የዱርዬ ነው የሚሆነው። ቁጥሮቹ የግምት ናቸው፤ የናንተን አስገብታችሁ ስሩት።

አንድነት ፓርክ ትኬት ይቆርጥ የለ ወይ ትይኝ ይሆናል። ይቆርጣል። ግን እሱ በ2012 መስከረም የተከፈተ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለ፣ የነገሥታት አዳራሽና የእንስሳት ማቆያ ያለው፣ ሰው ከሩቅ አገር ሳይቀር መጥቶ የሚጎበኘው ቦታ ነው። የናንተ ሰው በነጠላ ጫማ ከቤቱ ወጥቶ የሚቀመጥበት የሰፈር መናፈሻ ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ዋጋ አይወጣም።

የእኔ ምክር በሩ ነጻ ይሁን ነው። ክፍያው ተጨማሪ ነገር በሚፈልገው ሰው ላይ ይሁን። ተጨማሪ የሚፈልገው ማን ነው? ሙሽራ! በጥር ወር ቅዳሜና እሁድ መናፈሻችሁ በር ላይ ቁሚና ቁጠሪ። ጡሩምባውን እያንባረቀ፣ ቪዲዮ ቀራጩ በመኪናው መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ስንት አጀብ ይመጣል? ለመኪና፣ ለቬሎ፣ ለኬክ ያንን ሁሉ ያወጣ ቤተሰብ ለፎቶ ቦታ 1,500 ብር ክፈል ቢባል አያጉረመርምም። አንድ ቀን ስድስት ሰርግ ቢመጣ፣ በወሩ ስምንት የሰርግ ቀን ቢኖር 72,000 ብር ነው። አስተውይ፣ ትኬት ቆራጭ አልቀጠርሽም። አንድ ሰው በደረሰኝ ይቀበላል፣ በቃ። ጾሙ ሲገባ ሰርጉ ይቆማል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደገና ይጀምራል። እኔ በጣም የምወድለት ግን ጊዜውን ነው። የጥር ሰርግ የሚመጣው ልክ ሳሩ ውሃ በሚጠማበት፣ የውሃ ሂሳቡ ጣሪያ በሚነካበት ወር ነው። መናፈሻው በተጠማበት ወር ገንዘብ ያገኛል። እርግጥ ሙሽራ ደረቅ ሳር ላይ ፎቶ አይነሳም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ውሃ ሌላ ሰው መክፈል አለበት። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የልደት ድግስ፣ የድርጅት ዝግጅት፣ የማስታወቂያ ቀረጻ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ንጹህ ሽንት ቤት፣ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ የምትከፍለው የቦታ ኪራይ፣ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው። ጥቃቅን ይመስላሉ። የጥበቃ ደመወዝ ግን ከጥቃቅን ነው የሚወጣው።

ወደ ባለሀብቱ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ብዙ መናፈሻ የጠፋው በዚህ በር ነው። ታሪኩን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ካፌ ትከፈታለች። ቀጥሎ ጥላ ይዘረጋል። ቀጥሎ ድራፍት ይመጣል፣ ከዚያ ስፒከር። በሶስተኛው ዓመት ያላዘዘ ሰው አይቀመጥም። የኪራይ ውሉን ስታወጪው ደግሞ ከስንት ዓመት በፊት የተፈረመ፣ ዛሬ ማኪያቶ የማይገዛ ብር በካሬ ሜትር ተጽፎበት ታገኛለሽ።

ይሄ ማለት ግን የግል ገንዘብ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ኒው ዮርክ መሃል፣ ከትልቁ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ብራያንት ፓርክ የሚባል አራት ሄክታር እንኳ የማይሞላ ቦታ አለ። የውጭውን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልሽና፣ በ1970ዎቹ አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጥበት፣ ሰው በቀን እንኳ የሚሸሸው ቦታ ነበር። በ1980 እሱን የሚያስተዳድር ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቋመ። ፓርኩ ከ1988 እስከ 1992 ተዘግቶ ታደሰ። ዛሬ የሚተዳደረው ከከተማው በጀት በሚመጣ ገንዘብ አይደለም። አንደኛው ገቢው በዙሪያው ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች የሚከፍሉት መዋጮ ነው። መዋጮው በፈቃድ አይደለም፤ ከተማው ከንብረት ግብር ጋር አብሮ ይሰበስብና ለፓርኩ ይመልሰዋል። ሁለተኛው የምግብ ቤትና የኪዮስክ ኪራይ ነው። ሶስተኛው የድርጅቶች ስፖንሰርነት ነው። በብርዱ ወራት የበረዶ መንሸራተቻ ይዘረጋሉ። መግቢያው ነጻ ነው፣ ጫማው ግን ይከራያል። የሙሽራውን ነገር ያልኩሽ ይኸው ነው።

እዚያ ፓርክ ውስጥ የምወዳት ነገር ወንበሯ ናት። አረንጓዴ፣ ቀላል፣ ከመሬት ጋር ያልታሰረች። ማንም ሰው አንስቶ ወደ ጥላው ይወስዳታል። ምንም ሳይገዛ ቀኑን ሙሉ ይቀመጥባታል። ምግብ ቤት አለ፣ ግን ምግብ ቤቱ ወንበሩን አልወሰደውም። ልዩነቱ ውሉ ላይ ነው። ባለሀብት ልታስገቡ ከሆነ እነዚህን ውሉ ውስጥ ሳታዩ አትፈርሙ። የሚይዘው መሬት ከጠቅላላው ከመቶ አምስት እጅ አይበልጥ፣ በካርታም ላይ ይመላከት። አጥር አያጥር። ውሉ ከሶስት እስከ አምስት ዓመት ይሁን። ኪራዩ በየዓመቱ ይከለስ፣ ከሽያጩም ላይ በመቶኛ ይጨመርበት። የሕዝቡን ሽንት ቤት ማጽዳት የእሱ ግዴታ ይሁን፤ ይቺን አትርሺ፣ ብቻዋን የአንድ ሰው ደመወዝ ታድናለች። ሙዚቃ ምን ያህልና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ይጻፍ። አንዱን ከጣሰ በምን ያህል ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚወጣም ይጻፍ። ባለሀብቱ ይሄን አልቀበልም ካለ የፈለገው መናፈሻውን ሳይሆን መሬቱን ነበር ማለት ነው።

የሕንፃ ባለቤቶቹን መዋጮ በግዴታ የሚያስከፍል አሠራር እኛ ዘንድ የለም። በፈቃድ ግን ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ አደባባይና የመንገድ አካፋይ በባንክና በድርጅት ሲለማ፣ የድርጅቱ አርማ በትንሽ ሰሌዳ ሲተከል አይተሻል። መናፈሻችሁን ከከበቡት ሕንፃዎች ውስጥ ባንክ፣ ሆቴል ወይም የግል ክሊኒክ አይጠፋም። ሂዱና «መናፈሻውን አሳድሱልን» አትበሉ። ይፈራሉ፣ ገደብ የለውማ። «የአንድ ዓመት የውሃ ሂሳብ ክፈሉልን» በሉ። መጠኑ የታወቀ፣ ደረሰኝ ያለው፣ ዓመቱ ሲያልቅ የሚታይ ነገር ነው። ያ የመጀመሪያው ዓመት ውሃ ያልኩሽ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

የዳያስፖራው ሃሳብ ጥሩ ነው፣ ግን ለመደበኛ ወጪ አትጠይቋቸው። ሲያትል ወይም ዱባይ ያለ ሰው በየወሩ ለአትክልተኛ ደመወዝ እንዲልክ መጠበቅ ሁለት ወር ሰርቶ በሶስተኛው ይቆማል። አንድ የተወሰነ፣ ፎቶ የሚነሳ ነገር ስጧቸው። የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ አግዳሚ ወንበሮቹን «በጉዲፈቻ ይሰጣል»። ብዙ ሺህ ዶላር የሰጠ ሰው በአንዱ ወንበር ላይ የፈለገውን ጽሑፍ በትንሽ ሰሌዳ ያስቀርጻል። ብዙው ጽሑፍ የሞተ ሰው መታሰቢያ ነው። እኛ ለሙት ዓመት ስንት እናወጣለን? ከዚያ ላይ ትንሹን ቆርሶ «ለእናታችን መታሰቢያ» የሚል ወንበር ማሠራት የሚወድ ብዙ ሰው አለ፣ ልመናም አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ አስገቡበት። ወንበሩ የሚፈጀው ሌላ፣ ለጥገና የሚቀመጠው ሌላ ይሁን፤ ለምሳሌ ከአምስት ብር አንዱ ለጥገና ይቆይ። እንጨቱ በአራተኛው ዓመት ይሰነጠቃልና።

ልገሳ ሌላም ጣጣ አለው። ሴንትራል ፓርክን ከ1980 ጀምሮ የሚንከባከበው በጎ አድራጊ ድርጅት በ2012 ከአንድ ባለሀብት ብቻ 100 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። በዙሪያው የሚኖረው ሃብታም ነው፣ በመስኮቱ የሚያየውን ፓርክ ይወዳል፣ ይሰጣል። የድሃ ሰፈር ፓርክ በመስኮቱ የሚያየው ሚሊየነር የለውም። በዚህ ብዙ ቅሬታ ከተነሳ በኋላ ከተማው በ2014 ለተረሱ 35 ትናንሽ መናፈሻዎች 130 ሚሊዮን ዶላር ከራሱ ካዝና መደበ። ስለዚህ መሃል ከተማ ያለው መናፈሻችሁ ስፖንሰር ሲያገኝ ማዘጋጃ ቤቱ «እንኳን ተገላገልኩ» እንዳይል። በዚያ የተረፈውን ገንዘብ ዳር ኮንዶሚኒየም አካባቢ ላለው ባዶ ሜዳ ያውለው። ይሄን በጽሑፍ አስይዙት።

ትልቁን የመስሪያ ገንዘብ በተመለከተ፣ በአገራችን የታወቀው ምሳሌ አዲስ አበባ ነው። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ይፋ ሲደረግ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ለ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ 29 ቢሊዮን ብር ያስፈልጋል ተባለ። በዚያው ዓመት ግንቦት 11 የ«ገበታ ለሸገር» እራት ተዘጋጀ፣ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር። የወዳጅነት ፓርክ በቻይና ድጋፍ ተሰርቶ በ2012 መጨረሻ ተከፈተ። መልካም፣ ግን ያን እራት የጠሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበሩ። የናንተ ከንቲባ ቢጠሩ ስንት ሰው በስንት ብር እንደሚመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። ለናንተ የሚቀርበው የከተማው ካፒታል ኢንቨስትመንት እቅድ፣ ማለትም ከተማው ሊሠራቸው ያሰባቸው ግንባታዎች ዝርዝር ነው። 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ገንዘብ ይሰጥ የነበረው እቅድ ውስጥ ለገባ ስራ ነበር፤ የአረንጓዴ ልማት ስራም ይፈቀድ ነበር። ዛሬም ከየትም ይምጣ ከየት ገንዘብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እቅዱ ውስጥ አለ?» የሚል ነው። ከሌለ የለም። መናፈሻችሁን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ከአስር የልመና ደብዳቤ ይሻላል። ቦንድ የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ ተዉት። ቦንድ ሲባል ሁላችንም የምናስበው አባይን ነው፤ የአንድ ማዘጋጃ ቤት መናፈሻ በዚያ አይጀመርም።

ሌላው ዓለም ላልሽው፣ በአሜሪካ ብዙው ከተማ ለፓርኩ የሚከፍለው በግብር ነው። ሲያትል በ2014 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የፓርክ ብቻ የሆነ የግብር ወረዳ አቋቋመ። ጣሪያው ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የቤት ዋጋ ላይ 75 ሳንቲም ነው። እዚያ ቤት ያላቸው የኛ ሰዎች ሁሉ ይከፍላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የግብር ወረቀታቸው ላይ ያለውን ይቺን መስመር አስተውለው አያውቁም። ዴንቨር በ2018 የሽያጭ ታክስ ላይ ሩብ ከመቶ ጨመረ። የ100 ዶላር ጫማ የገዛ ሰው 25 ሳንቲም ለፓርክ ጣለ ማለት ነው። ሚኒያፖሊስ ከሁሉም ትቀድማለች። ከ1883 ጀምሮ ሕዝብ የሚመርጠው፣ የራሱን ግብር የሚጥል የፓርክ ቦርድ አላት።

ሃሳቡ ከየት መጣ? ሴንትራል ፓርክን ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ሶስት ቀበሌዎችን የንብረት ግምት ይከታተል ነበር። በ1856 ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር የነበረው በ1873 ወደ 236 ሚሊዮን ደረሰ። ጭማሪው ሁሉ ከፓርኩ የመጣ ነው ባይባልም ከተማዋ ፓርኩን በግብር መልሳ እንዳገኘችው ለማሳየት በቂ ነበር። በእኛ አገር መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ጭማሪው በሊዝ ጨረታና በቤት ግብር ይታያል። በ2017 የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ከድሮው የጣራና ግድግዳ ግብር ሰፋ ያለ በር ከፍቷል። ከዚያ ላይ ትንሽ እጅ ለመናፈሻ ይመደብ ማለት የምክር ቤት ጥያቄ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ከወዲሁ ማንሳት ግን አይከፋም። መናፈሻው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ኪራይ ሲጨምር የሚያተርፈው ባለሱቁ ብቻ መሆን የለበትም።

አሁን ዋናው ነገር። ሙሽራው ከፈለ፣ ካፌው ከፈለ፣ ባንኩ ሰጠ እንበል። ገንዘቡ የት ይገባል? የከተማው የጋራ ካዝና ከገባ አለቀ። የናንተ 72,000 ብር ከሌላው ጋር ተደባልቆ ለነዳጅና ለአበል ይሄዳል፤ ሰው ሰርቆት ሳይሆን፣ ብር ምልክት ስለሌለው። ይባስ ብሎ በቀጣዩ ዓመት «እናንተማ ገቢ አላችሁ» ተብሎ የነበረችው በጀት ትቀነሳለች። ይሄንን ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ሰራተኛው ገቢ ለመሰብሰብ የማይተጋው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቢሰበስብ ጎማው እንደማይገዛ ያውቃል።

መፍትሔው እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። የመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ድሮ ከታካሚ የሰበሰቡትን ሁሉ ለካዝና ያስገቡ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ክልሎች ሕግ እያወጡ ገቢያቸውን ይዘው እንዲጠቀሙ ፈቀዱላቸው። ገቢው ከመንግሥት በጀት በተጨማሪ እንጂ በምትኩ እንዳይሆንም ደነገጉ። የሚያጸድቀው ደግሞ የማኅበረሰብ ተወካይ ያለበት ቦርድ ሆነ። ቤተ ሙከራው ኬሚካል ሲያልቅበት ከዚያ ይገዛ ጀመር። ለመናፈሻ ልክ ይሄው ነው የሚያስፈልገው። የመናፈሻ ልዩ ሂሳብ፣ ሁለት ፈራሚ ያለው፣ አንዱ ከማዘጋጃ ቤት አንዱ ከኮሚቴ። የሰበሰበው ሰኔ 30 ላይ ወደ ካዝና የማይመለስ። ከተወሰነ ብር በታች ያለ ግዢ ሶስት ፕሮፎርማ ሳይጠበቅ የሚፈጸምበት። ይህንን የከተማ ምክር ቤቱ በመመሪያ ቢያጸድቅላችሁ ከማንኛውም ለጋሽ ይበልጣል። ካላጸደቀ ግን የነገርኩሽ የገቢ ምንጭ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሙሽራውንም አታስቸግሩት።

ከሁሉም በላይ የሚያስቀናኝ የእንግሊዟ ሚልተን ኪንስ ናት። በ1992 የከተማዋን መናፈሻዎች የሚይዝ አንድ አደራ ጠባቂ ድርጅት ሲቋቋም መሬቱን በ999 ዓመት ሊዝ ተረከበ። አብሮት ደግሞ 20 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት፣ አብዛኛው የንግድ ሕንፃ የሆነ ንብረት ተሰጠው። ከኪራዩ ሳሩን ያጭዳል፣ ዛፉን ይገርዛል። በየዓመቱ ከንቲባ ደጅ አይጠናም። ይሄ ለኛ እንግዳ ነው? ደብሩ በቅጥሩ ዙሪያ ሱቅ ሰርቶ አከራይቶ ካህናቱን ይከፍል የለም እንዴ? እድራችን ድንኳንና ወንበር አከራይቶ ይተዳደር የለም? መናፈሻችሁ በመንገድ በኩል ፊት ያለው ከሆነ ከተማው በዚያ ጠርዝ ላይ አራት አምስት ኪዮስክ ሰርቶ ኪራዩን ለልዩ ሂሳቡ መስጠት ይችላል። ባለቤትነቱ ከከተማው አይወጣም። ኪዮስኩ ፊቱን ወደ መንገድ፣ ጀርባውን ወደ መናፈሻ ያድርግ፤ እያደገ ወደ ውስጥ እንዳይገባባችሁ።

የሰው ጉልበትም ገንዘብ ነው። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ተጠቃሚዎቹ ከሚሰሩት ስራ አንዱ የከተማ አረንጓዴ ልማት ነበር፤ በኋላ ወደ ብዙ ከተሞች ሰፍቷል። የናንተ ከተማ ካለበት ወረዳውን ጠይቁ። ለቁፋሮ፣ ለችግኝና ለጽዳት ይሆናል። ለዛፍ ገረዛና ለቧንቧ ግን ሙያ ያለው ሰው ቅጠሩ።

ከንቲባው ጋ ስትገቢ ምን ይዘሽ ግቢ? አንድ ገጽ። ላይኛው ግማሽ ላይ የመናፈሻው የዓመት ወጪ፦ ውሃ፣ መብራት፣ ስንት ሰው በስንት ብር፣ ዕቃ። ታችኛው ግማሽ ላይ ከየት እንደሚመጣ፦ ከተማው አሁን የሚከፍለው፣ ሰርግና ዝግጅት፣ ኪራይ፣ ስፖንሰር። የሚጎድለውን በቀይ ጻፊው። የምትጠይቂው ደግሞ አንድ ነገር ይሁን፣ ልዩ ሂሳቡን። ብር አትጠይቂ። ብር የማይጠየቅ ከንቲባ ወንበር ስቦ ያስቀምጥሻል።

ከዚያ በፊት ግን ቆጣሪውን ፈልጊው። ብዙ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ወይም ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ክዳኑ በአፈር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ዛሬ ያለውን ንባብ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከሰላሳ ቀን በኋላ ድጋሚ አንሺ። ሁለቱን ፎቶ ላኪልኝና የላይኛውን ግማሽ አብረን እንሞላዋለን።